ሦስተኛውና አምስተኛው መስመር

ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ የሥራ ምደባዬ የወጣው ተወልጄ ባደግኩበት በነቀምት ነው። የክፍል ጓደኞቼ አዘኑልኝ። ለምደባ ሩቅ ያልሄደ ሰው አንድ ነገር እንዳመለጠው ይቆጠር ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። የማላውቀውን ሰው ሰላም ማለት ስለሚያስጨንቀኝ፣ ሰላም የምለው ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ አስቀድሞ የሚያውቅበት ከተማ ይሻለኛል። ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ከወላጆቼ ቤት ተነስቼ ቢሮ እስክገባ አንድም አዲስ ሰው አላገኝም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። በወለጋ ወረዳዎች ያሉ ጤና ረዳቶችን መመደብና ማዛወር ከሥራዎቹ አንዱ ነበር ማለት ይበቃል። የእኔ መደብ «የሥራ አመራር ባለሙያ» ይባላል። ባለሙያዋ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የተቀደዱ ማህደሮችን ጀርባ በሙጫ ስጠግን አሳለፍኩ። በጥንቃቄ ነበር የጠገንኳቸው። አንዳንዶቹ ከአዲሶቹ ይበልጥ ጠንካራ ሆኑ።

ከዚያ ሕገ መንግሥቱ ጸድቆ አገሪቱ ኢሕዲሪ ተባለች። ክፍለ ሀገር መባሉም ቀርቶ አስተዳደር አካባቢ ሆነ። በየቅጹ ራስ ላይ ያለው የመንግሥቱና የቦታው ስም እንዲለወጥ፣ በእያንዳንዱም ቅጽ ላይ መፈክር እንዲጨመር ሰርኩላር መጣ። ኃላፊያችን ሰርኩላሩን አንብበው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«የተማረ ሰው ሥራ ነው» አሉ።

ኃላፊው ድሮ አስተማሪ ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ከተናገሩ ተቆጥተዋል ማለት ነው።

ቅጾቻችን የሚባዙት በእስቴንስል ነው። እስቴንስል በሰም የተነከረ ስስ ሰማያዊ ወረቀት ነው። የጽሕፈት መኪናው ያለ ሪባን ሲመታው ፊደሉ ሰሙን ይበሳል። ማባዣው ላይ ሲጠቀለል ደግሞ ቀለሙ በተበሳው በኩል አልፎ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ማባዣውን የሚያሽከረክሩት ጨለለቂ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን ትተን ሁላችንም «ኦቦ» ብቻ ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። እጃቸው እስከ ክርናቸው በቀለም ስለጠቆረ ሰላም ሲሉ ክርናቸውን ነው የሚሰጡት።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ ሰርኩላሩን ይዤ ስገባ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «የዝውውሩን ቅጽ ነው? አሮጌው እስቴንስል አለኝ። ራሱን ብቻ ቆርጠን አዲስ እንለጥፋለን። መስመሮቹን አትንኪያቸው።»

«እሺ» አልኩ።

ለምን እንደማይነኩ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ፊት ቆሜ ጥያቄ ከምጠይቅ መልሱን ራሴ አስቤ ብደርስበት እመርጣለሁ። የደረስኩበት መልስ ሽማግሌ ሰው አሮጌ ነገር ይወዳል የሚል ነበር። ስለዚህ አዲስ እስቴንስል ወሰድኩና ቅጹን ከሥሩ ሠራሁት።

በአሮጌው ቅጽ አንደኛው መስመር ስም፣ ሁለተኛው ሙያ፣ ሦስተኛው «አሁን የሚሠሩበት ቦታ»፣ አራተኛው የአገልግሎት ዘመን፣ አምስተኛው «እንዲዛወሩ የሚጠይቁት ቦታ»፣ ስድስተኛው ምክንያት ነበር። ይህ ልክ አልመሰለኝም። ሰው ዝውውር ሲጠይቅ ዋናው ነገር የሚሄድበት ነው፤ ያለበትን እኛም እናውቀዋለን። ስለዚህ የሚጠይቁትን ቦታ ሦስተኛ፣ የሚሠሩበትን አምስተኛ አደረግኩ። መፈክሩን «ሁሉም ወደ ጦር ግንባር» ብዬ ከርዕሱ ሥር አስገባሁና መስመሮቹን በሙሉ አንድ አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግኳቸው። በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ርቀት ግን ከአሮጌው ቅጽ ላይ በማስመሪያ ለክቼ አንድም ሳላዛንፍ ጠበቅኩ። ይህን ያደረግኩት ለጥንቃቄ ነበር። ነገሩን ያበላሸው ግን በተለይ ይህ ጥንቃቄ ነው።

ኦቦ እስቴንስሉን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት። አባዙት።

ቅጾቹ ወደ ወረዳዎች ተልከው በግንቦት ተሞልተው ተመለሱ። ኃላፊው ቅዳሜ ጠዋት ሲያነቧቸው ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት ያላየሁት ነገር ነበር። ከነቀምት ወደ ገጠር ለመዛወር የጠየቁ ሰዎች አሥራ አንድ ደርሰዋል። ሌላ ዓመት አንድም አይገኝም። ሰኞ ጠዋት በስብሰባ አነበቡልን።

«አንዷ ጤና ረዳት ከነቀምት ወደ ጊዳ አያና ልዛወር ትላለች፤ ምክንያት፣ ለልጅ ሕክምና።» ቀና አሉ። «ሆስፒታል ካለበት ከተማ ተነስታ ማለት ነው። የገጠሩን አየር አስባ ይሆናል።»

«አየሩስ ጥሩ ነው» አለ አንዱ።

«ሌላው ወደ ቤጊ። ምክንያት፣ ነቀምት ያለችውን ባለቤቴን ላለመለየት።»

ሁለት ሰዎች ተያዩ።

«የቤተሰብ ጉዳይ አይመረመርም» አሉ ኃላፊው። «ንቃት ማለት ይኸው ነው።»

በስማቸው የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ነቀምት ውስጥ ሠርተው አያውቁም። ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ ምናልባት እኔ ሳላውቅ ተዛውረው ይሆናል ብዬ። ዝርዝሩ በዚያው ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ አንዲት ሴት ሰሌዳው ፊት ቆማ አገኘኋት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ጫማዋ የመንገድ አቧራ የለበሰ ሴት ናት። ጀርባዋ ላይ አንድ ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን አዝላለች። የሕፃኗ ቀኝ እግር እስከ ጉልበቷ በጄሶ ታስሮ ከማዘያው በጎን ወጥቷል።

«እዚህ ላይ ወደ ጊዳ አያና ይላል» አለችኝ።

«አዎ። የጠየቁት ነው።»

«ከየት?»

«ከነቀምት።»

ዞር ብላ በመስኮቱ ከተማውን አየች። «ነቀምት ቤቴ የት ነው?» አለች። «ብታሳዪኝ ዛሬ እዚያ ባድር ይሻለኛል። የዘመድ ወለል ሰልችቶኛል።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ጊዳ አያና ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሕፃኗ እግሯ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የተወለደችው። የነቀምት ሆስፒታል ሐኪም በየሁለት ሳምንቱ ጄሶውን ይፈታል፣ እግሯን ትንሽ ያቃናል፣ እንደገና ያስራል። እስከ መስከረም ሳይቋረጥ ከቀጠለ ይቃናል፤ ከተቋረጠ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብሏታል። አሁን ዝናቡ ሊገባ ነው። ሲገባ ከጊዳ አያና የሚመጣው አውቶቡስ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት አይታይም። የዝውውር ኮሚቴ ደግሞ የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ያም በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር።

«አምስተኛው መስመር ላይ ለምን ነቀምት ብለው ጻፉ?» አልኳት።

«እኔ አልሞላሁትም። ቅጽ የሚሞላው የወረዳው ጸሐፊ ነው፤ ማኅተሙ እሱ ጋ ነው። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ላይ ማኅተም አይመታም።»

«አንብቦ አይደለም የሚሞላው?»

«ምን ያነባል? ካርቶን አለው።» በእጆቿ አራት ማዕዘን ሠራች። «መስኮት መስኮት ተደርጎ የተቆረጠ። ቅጹ ላይ ይዘረጋዋል፤ በየመስኮቱ ጎን ምን እንደሚጻፍ በኦሮምኛ ተጽፎበታል። ሦስተኛው መስኮት፣ የምትሠሪበት። አምስተኛው፣ የምትፈልጊው። በመስኮቱ ውስጥ ይጽፋል፣ ካርቶኑን ያነሳል፣ ያትማል። ፈጣን ነው።»

ተነስቼ ወደ ማባዣ ክፍል ሄድኩ። ኦቦ ሮለሩን እየጠረጉ ነበር።

«የወረዳዎቹን ካርቶኖች ያውቋቸዋል?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው» አሉ። «ከእስቴንስል ማሸጊያ። ለየወረዳው አንድ አንድ። ጸሐፊዎቹ አማርኛው ያስቸግራቸዋል፤ ሰው በዚያ ምክንያት ለምን ይጉላላ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መስመሮቹን አትንኪ ብዬሽ የለም?» ጨርቁን አጠፉት። «ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣችው፣ ለወረዳዎቹ አዲስ ካርቶን ልካ ይሆናል አልኩ። እኔም አልጠየቅኩም።»

ለኃላፊው መንገር ነበረብኝ። ቢሯቸው በር ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆምኩ። ከዚያ ገባሁ።

«ጓድ፣ ቅጹ ላይ ስህተት አለ።»

«የፊደል?»

«የቦታ። ሦስተኛውና አምስተኛው መስመር ተለዋውጠዋል። ሰዎቹ የጠየቁት ወደ ነቀምት ለመምጣት ነው።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ማን ነው የለዋወጠው?»

«እኔ።»

«ሪፖርት ልኬያለሁ። አሥራ አንድ ሰው ብዬ። ቅድም የበላዮቹ በስልክ አመስግነውኛል።» እስክሪብቶውን መልሰው አነሱና፣ «ቅጾቹ ተፈርመዋል?» አሉ።

«ተፈርመዋል።»

«ማኅተም አላቸው?»

«አላቸው።»

«እንግዲያው ጠይቀዋል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ ብዬ እወጣ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሕፃኗ በጄሶዋ አግዳሚውን ትመታለች። ለኃላፊውም ይሰማቸዋል።

«አዲስ ቅጽ ሞልተው ቢያመጡስ?» አልኩ።

«አዲስ ጥያቄ ማቅረብ የማንም መብት ነው» አሉ። «እስከ ሐሙስ ጠዋት።»

ኦቦ አሮጌውን እስቴንስል ከመደርደሪያ አወጡት። ቀለሙን እንዲመጥጥለት በጋዜጣና በጋዜጣ መካከል ተኝቶ ነበር። ዳሩ ተሸብሽቧል፤ መስመሮቹ ግን ደህና ናቸው። ራሱን በምላጭ ቆርጠው አነሱ። አዲሱን ራስ በሌላ እስቴንስል ቁራጭ ላይ እኔ በጽሕፈት መኪና መታሁ። ቁራጩን ከቀዳዳው በትንሹ አስፍተው ቆረጡና ዳሩን በቀዩ የማረሚያ ፈሳሽ ቀብተው አጣበቁት። ፈሳሹ ይሸታል፤ እስኪደርቅ ሁለታችንም እንተነፍስበት ነበር። ከሥሩ ያለው መስመር አንዱም አልተነካም።

ችግሩ መፈክሩ ሆነ። በአሮጌው ቅጽ ላይ መፈክር አልነበረም። የተቆረጠው ቦታ የሚበቃው ለመንግሥቱ ስም፣ ለአስተዳደር አካባቢውና ለቅጹ ርዕስ ብቻ ነው። አንድ መስመር ለመጨመር ሌሎቹን ዝቅ ማድረግ አለብኝ፤ ዝቅ ለማድረግ ደግሞ ሁሉንም እንደገና መሥራት። መፈክር የሌለው ቅጽ አይወጣም። እስቴንስሉን በሁለት እጄ ይዤ እንደገና ወደ ኃላፊው ገባሁ።

«መፈክሩ ከላይ አይበቃም፣ ጓድ። ከታች ባዶ ቦታ አለ።»

«ከታች?»

«ከፊርማው ሥር።»

ሰርኩላሩን አውጥተው እንደገና አነበቡት። «በቅጹ ላይ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «የት ላይ አይልም።» ደግመው አነበቡ። «ከታች ይሁን። የሚጠይቅሽ ካለ፣ ጥያቄው ሁሉ በመፈክሩ ላይ የቆመ ነው በይ።»

የጠየቀኝ ሰው የለም።

የሌሎቹን ወረዳዎች ቅጾች ለየአውቶቡሱ ሾፌር ከደብዳቤ ጋር ሰጠሁ። ማክሰኞ ጠዋት ከሴቲቱና ከሕፃኗ ጋር ጊዳ አያና ሄድኩ። ሰው ልኬ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር፤ ነገር ግን መስኮቶቹ በአዲሱ ቅጽ ላይ ልክ መግባታቸውን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። ቆላው ላይ ያለችው አንገር ጉትን ስንደርስ ሕፃኗን በሙቀቱ ጄሶው እንዳያሳክካት እናቷ በስንደዶ ከሥሩ ታክላት ጀመር። አብሮን የተሳፈረ አንድ ገበሬ ጄሶውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ምን ሠርታ ነው ያሰሯት?» አለ።

«ትታኝ እንዳትሄድ ነው» አለች እናቷ።

የወረዳው ጸሐፊ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ከነቀምት መምጣቴን ሲሰሙ ይበልጥ ቀጥ አሉ።

«ልታርሚኝ ነው የመጣሽው?» አሉ። «እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ አንድ ቅጽ ተበላሽቶብኝ አያውቅም።»

«የለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ካርቶኑን ከላስቲክ አውጥተው አዲሱ ቅጽ ላይ ዘረጉት። ያለፈው ጊዜ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው፤ አሁን እንደ ድሮው ከወረቀቱ ዳር ገጠመ። እያንዳንዱ መስመር በየመስኮቱ መሃል ተኝቷል። በሦስተኛው መስኮት ጎን በአማርኛ ፊደል «ኢዶ ሆጂ» የሚል አየሁ፤ የሥራ ቦታ ማለት ነው። ጊዳ አያና ብለው ጻፉ። በአምስተኛው ነቀምት። ካርቶኑን አነሱ፣ አተሙ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ነበሩ፤ ለእነሱም እንዲሁ ሞሉ። ጠቅላላው ከአንድ ሻይ ያነሰ ጊዜ ወሰደ።

«ያለፈውስ ምን ሆነ?» አሉኝ ስነሳ።

«መስመር ለዋውጬ ነበር።»

«ምነው፣ መስመሮቹ ምን አደረጉሽ?» አሉ።

ረቡዕ ተመለስኩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ቅጾች እስከ ሐሙስ ጠዋት ደረሱ።

በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አይናገርም፤ ሥራውን የወደድኩትም ለዚያ ነው። የሴቲቱ ስም ሲጠራ አንዱ አባል ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አስቀመጡ።

«ይቺ ሴት በግንቦት መጀመሪያ ከነቀምት ወደ ጊዳ አያና ትላለች። በግንቦት መጨረሻ ከጊዳ አያና ወደ ነቀምት። ምክንያቱ አንድ ነው፣ የልጅ ሕክምና። አቋም የላትም። ባለችበት ትቆይና ትረጋጋ።»

«ተገቢ ነው» አሉ ሌላው።

ኃላፊውን አየኋቸው። እሳቸው መነጽራቸውን እያዩ ነበር። እስክሪብቶዬ «ባለችበት» የሚለውን ግማሽ ጽፏል።

«ያለችበት አልተለወጠም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጥቂት ነው የተሰማኝ፤ ደገምኩት። «የተለወጠው የእኔ ቅጽ ነው።»

አምስቱም የኮሚቴ አባላት ወደ እኔ ዞሩ። ከዚህ በላይ ማስረዳት ስላልቻልኩ ሁለቱን ቅጾች ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፣ መስመር በመስመር ላይ ደረብኩና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኳቸው። የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ አንዱ በአንዱ ላይ ተኛ። ነቀምት በነቀምት ላይ፣ ጊዳ አያና በጊዳ አያና ላይ። የማይገጥመው በጎን ያለው የታተመው ቃል ብቻ ነው። ከተቀመጡበት ግን አልታያቸውም። አንዱ አባል ተነስተው መጥተው ዳርቻቸውን ያዙልኝ።

«አንድ ነገር ነው የጻፈው» አሉ።

«አዎ» አልኩ።

«እና የመጀመሪያውን ምን እናድርገው? ሪፖርት ሆኗል።»

ኃላፊው ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። «የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ጊዳ አያና ነው። ጊዳ አያና ናት አይደለችም?»

«ናት።»

«እንግዲያው ተፈጽሞላታል። አሁን ሁለተኛው ይታይ።»

ሁለተኛው ታየ፣ ተፈቀደም። ከሌሎቹ ስምንት የሦስቱ ብቻ ተፈቀደ፤ ነቀምት ቦታ አልነበረም። ቅጻቸው ያልደረሰው ሁለቱ ደግሞ የተወሰነላቸው በመጀመሪያው ጥያቄያቸው ነው። የጠየቁት ተፈቅዶላቸው ባሉበት ቀሩ። አንዱ የቤጊው ነው። ለሁለቱም ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ጠቅሼ ደብዳቤ ጻፍኩ። የቤጊው ሰው መልስ አልሰጠኝም። ሚስቱ ገበያ ውስጥ ሳገኛት ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ በላይ ግን አትቆምም።

ሴቲቱ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ዕቃዋን ጭና መጣች። ማህደሯ ውስጥ ሁለት የዝውውር ደብዳቤዎች አሉ። አንዱ ከነቀምት ወደ ጊዳ አያና ልኳታል፣ ሁለተኛው ይመልሳታል። ማህደር የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ይህንን ግን አልነካሁትም።

ክረምቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ሆስፒታል ሄዱ። የጊዳ አያና አውቶቡስ በዚያ ሐምሌ አልመጣም። መስከረም አካባቢ እናቷ ከሆስፒታል ስትመለስ ሕፃኗን ይዛ ቢሮ ገባችና ሰላም እንኳ ሳትለኝ ወለሉ ላይ አቆመቻት። ጄሶው የለም። ቀኝ እግሯ ከግራው ቀጭን ነው፣ ቆዳውም ነጣ ብሏል። ጫማ አላደረገችም። ውስጥ እግሯ ግን ከተረከዟ እስከ ጣቶቿ ሲሚንቶው ላይ አርፏል። ሕፃኗ ጠረጴዛዬን ይዛ ትንሽ ቆየችና ተቀመጠች።

«አየሽ?» አለች እናቷ።

«አየሁ» አልኩ።

ያላየሁ መሰላት መሰለኝ፤ ብብቷን ይዛ እንደገና አቆመቻት።